የሚደወልለት ሰው፦ በውኃ ሥራ ላይ አቅምንና የሙያ ትስስርን መገንባት

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ማጠራቀሚያው ጋን ላይ ወጥቼ በእጅ ባትሪ የውኃውን ከፍታ አነባለሁ። ወደ ጋኑ የሚገባውን ውኃ ዘግተነዋል። ሰው ሁሉ ተኝቷል። ስለዚህ ውኃው ብዙም መውረድ የለበትም። ግን ከሰባት ሰዓት ወዲህ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ብቻ፣ 12 ሴንቲ ሜትር ወርዷል።

የጋኑ ወለል 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሁለት ሰዓት 12 ሜትር ኩብ፣ በሰዓት 6 ሜትር ኩብ። ማንም ሳይጠጣው፣ ማንም ሳይታጠብበት መሬት እየጠጣው ነበር። ሌሊት ግፊቱ ስለሚጨምር ፍሳሹ ከቀኑ ይበልጣል። ያንን ብንቀንስ፣ ሌሊት ቧንቧ የሚከፍት ጥቂት ሰው አለ ብለን ብናስብ እንኳ፣ በቀን ወደ 100 ሜትር ኩብ እያጣን ነበር። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብንመድብ ያ ውኃ ለ2,000 ሰው ይበቃል።

ዘዴው ዝቅተኛ የሌሊት ፍሰትን መለካት ይባላል። እኔ ስልጠና ላይ የተማርኩት ከዚያ ሌሊት ሁለት ዓመት ቀድሜ ነው። ሰርተፊኬቴም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን አንድም ቀን አልተጠቀምኩበትም። ያን ሌሊት ጋኑ ላይ ያወጣኝ ሰርተፊኬቱ አይደለም። ስልጠናው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ የነበረች፣ እንደኔው ሌላ ውኃ አገልግሎት ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ለሌላ ጉዳይ ደውዬላት እግረ መንገዴን «ውኃ አልበቃ ብሎናል፤ ሌላ ፓምፕ እንዲገዛ ልጠይቅ ነው» አልኳት። «ሌሊት ለክተሽዋል?» አለችኝ። አልለካሁም። በማግስቱ ለካሁ።

ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ሌሊቶች ቫልቮቹን በየተራ እየዘጋን የትኛው መስመር ሲዘጋ ፍሰቱ እንደሚቀንስ አየን። ዋናው ፍሳሽ አንድ ቧንቧ ገደል በሚሻገርበት ቦታ፣ ሰው በማይደርስበት፣ ሣር ውስጥ ነበር። ፓምፑ አልተገዛም።

ይህን ያነሳሁት ለውኃ ሥራ ከስልጠናው ይልቅ ከስልጠናው በኋላ ያለው ነገር እንደሚወስን ስለማምን ነው። አሁን በአብዛኛው የማሰለጥነው እኔው ነኝ። ከሰልጣኞቼ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «አቅማችንን እንዴት እንገንባ? ሙያተኞች እንዴት እንተዋወቅ?» እኔ የሠራሁበትን መንገድ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የጎደለውን ለዩት

«የአቅም ችግር አለብን» ሲባል ብዙ ጊዜ ሁሉም ሰው ስልጠና ያስባል። እዚያ ላይ እንሳሳታለን። በ1991 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የውኃ ባለሙያዎች በኔዘርላንድስ ዴልፍት ከተማ ተሰብስበው አቅም ግንባታ ምን እንደሆነ ተወያይተው ነበር። እነሱ በሦስት ከፈሉት፤ ሥራውን የሚያሠራ ፖሊሲና ሕግ፣ ተቋሙ ራሱ ከነተጠቃሚው ኅብረተሰብ ተሳትፎ ጋር፣ እና የሰው ኃይሉ ከነአስተዳደር ሥርዓቱ። ሠላሳ ዓመት አልፎትም ይህ አከፋፈል ዕለት ተዕለት ይጠቅመኛል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ኦፕሬተር ክሎሪን መለካት ሰልጥኖ ነበር። ጎበዝ ነው፤ ውኃው ተጠቃሚው ቧንቧ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን (ጀርም ገድሎ የተረፈ) ሊኖረው እንደሚገባ ያውቃል፤ መዝገቡንም በንጽሕና ይይዛል። ከሦስት ወር በኋላ ስሄድ መዝገቡ ባዶ ነው። አለቃው «ስልጠናውን ረስቶታል፤ እንደገና ይሰልጥን» አለኝ። ኦፕሬተሩን ለብቻው ጠየቅኩት። የመለኪያው ክኒን አልቋል። እንዲገዛለት ሦስት ጊዜ ጽፏል። በበጀቱ ውስጥ ለዚህ የሚሆን መደብ የለም ተብሏል። ልጁን አሥር ጊዜ ብናሰለጥነው ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ያስፈለገው በበጀቱ ላይ አንዲት መስመር ነበረች። መስመሯን ለማስገባት ደግሞ የፋይናንስ ኃላፊውን ወደ ጣቢያው ወስደን፣ ክሎሪን ያለውንና የሌለውን ውኃ ዓይኑ እያየ መለካት ነበረብን። ያ ግማሽ ቀን ለፋይናንስ ኃላፊው የአቅም ግንባታ ሆነ።

ስለዚህ አንድ ነገር ሲሰናከል ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ሰውየው ማድረግ ያውቃል? የሚያውቅ ከሆነ፣ መሣሪያው፣ ጊዜውና በጀቱ አለው? ያም ካለ፣ እንዲያደርገው ተፈቅዶለታል? ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ተጽፎ ይታወቃል? ስልጠና መልስ የሚሆነው ለመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ነው።

ከአንድ ችግር ጀምሩ

«የተቀናጀ የውኃ ሀብት አስተዳደር መማር እፈልጋለሁ» የሚሉኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ውኃን፣ መሬትንና ተጠቃሚውን አንድ ላይ አይቶ ማስተዳደር ማለት ነው። ጥሩ ፍላጎት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዘላቂ የልማት ግብ 6 እስከ 2030 በየደረጃው እንዲተገበር የሚለውም ይህንኑ ነው። ግን ለጀማሪ በጣም ሰፊ ነው፤ በየት እንደሚያዝ አይታወቅም። እኔ የምመክረው እጃችሁ ላይ ካለው ሥራ አንድ ችግር መርጣችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንድትጽፉት ነው። «ከምንጩ የሚወጣው ውኃ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው፤ በምን ምክንያት እንደሆነ አናውቅም።» «ከምናመርተው ውኃ ምን ያህሉ ሳይሸጥ እንደሚቀር አናውቅም።» «የላይኞቹ መስኖ ሲያጠጡ የታችኞቹ ይደርቅባቸዋል።»

ከዚያ ሥር ይህን ችግር ለመፍታት ምን ማወቅ እንዳለባችሁ ጻፉ። የምንጩን ምሳሌ ውሰዱ። በመጀመሪያ ፍሰትን መለካት ያስፈልጋል። ትንሽ ምንጭ ከሆነ መጠኑ የታወቀ ባልዲና የስልክ ሰዓት ይበቃል፤ ባልዲው ለመሙላት ስንት ሰከንድ እንደወሰደ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን መያዝ ነው። ከዚያ የዝናብ መረጃ ያስፈልጋችኋል። ከዚያ ከምንጩ በላይ ያለው መሬት ምን እንደሆነ ማወቅ፤ ተመንጥሯል? አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሯል? ከዚያ ከባለ መሬቶቹ ጋር መነጋገር መቻል። ከእነዚህ የትኛውን ራሳችሁ ትችላላችሁ? የትኛውን አጠገባችሁ ያለ ሰው ይችላል? ለየትኛው ሰው የላችሁም? የመጨረሻው ዝርዝር ሁለት ነገር ይሰጣችኋል። የስልጠና ዕቅዳችሁ ነው፤ የምታፈላልጓቸው ሰዎች ዝርዝርም ነው።

ስልጠና ስትመርጡ

በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። በብዙ መሥሪያ ቤት ስልጠና የሚላከው ተራው የደረሰው ወይም ለአለቃው የቀረበው ነው። ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ይቀራል። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት የአምስት ቀን የሞዴሊንግ ስልጠና ላይ ተቀምጬ፣ ከሃያ ሰልጣኞች ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው አምስት እንኳ እንደማይሞላ አይቻለሁ። ጥያቄው ሁልጊዜ ይህ ይሁን፤ ይህ ሰው ከስልጠናው በተመለሰ በሳምንቱ የተማረውን የሚያውልበት ሥራ አለው? ከሌለው ሌላ ሰው ይሂድ።

ከተቻለ ሁለት ሰው ላኩ። ብቻውን የተመለሰ ሰው አዲሱን ነገር ለማስረዳት ሲሞክር በቀላሉ ይደክመዋል። ሁለት ከሆኑ አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሰዋል፤ አንዱ ተስፋ ሲቆርጥ ሌላው ይገፋል።

የራሳችሁን ዳታም ይዛችሁ ሂዱ። የመስመራችሁን ካርታ፣ የአንድ ዓመት የምርት መዝገብ፣ የጉድጓዳችሁን የቁፋሮ ሪፖርት። አሰልጣኙ ለልምምድ በሚሰጣችሁ የሩቅ አገር ምሳሌ ፋንታ በራሳችሁ ችግር ላይ ተለማመዱ። እኔ አሰልጣኝ ሆኜ የምነግራችሁ ነው፤ የራሱን መዝገብ ይዞ የመጣ ሰልጣኝ ሲያጋጥመኝ እኔም እማራለሁ።

ገንዘብ ከሌለ በነጻ የሚገኝ ብዙ ነገር አለ። ከ1957 ጀምሮ የውኃ ባለሙያዎችን ሲያስተምር የኖረው አይኤችኢ ዴልፍት በኦንላይን ክፍት ያደረጋቸው ኮርሶች አሉ። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ሥር በ2002 የተጀመረው ካፕኔትም ለዘላቂ የውኃ አስተዳደር የአቅም ግንባታ መረብ ነው፤ የኦንላይን ኮርሶችና የስልጠና መጽሐፎች አዘጋጅቷል። ከሶፍትዌር ደግሞ ለቧንቧ መስመር ኢፓኔት (EPANET)፣ ለካርታ ኪውጂስ (QGIS)፣ ለወንዝና ለጎርፍ ሄክራስ (HEC-RAS) ሁሉም በነጻ ይወርዳሉ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ችግራችሁ የቧንቧ ግፊት ከሆነ ኢፓኔት፣ ያለ ካርታ ከሆነ የምትሠሩት ኪውጂስ። ኮርሶቹ በብዛት በእንግሊዝኛ መሆናቸው ለብዙ ኦፕሬተር በር ይዘጋል። እኛ ሦስት ሆነን አብረን ነበር የምናየው። ቋንቋው የሚቀናው ይተረጉማል፣ መስመሩን የሚያውቀው «ይሄ እኛ ጋ እንዲህ ነው» ይላል።

የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ቀናት

እኔ ሁለት ዓመት ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። ከስልጠና ስንመለስ የተጠራቀመ ሥራ ይጠብቀናል። «ትንሽ ልረጋጋና እጀምራለሁ» እንላለን። እንደዚያ እያልን እንተወዋለን።

አሁን ሰልጣኞቼን ከመለያየታችን በፊት አንዲት ነገር አስጽፋቸዋለሁ፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ የምለካው ወይም የምቀይረው አንድ ነገር፣ ቀኑና አብሮኝ የሚሠራው ሰው ስም። ትልቅ መሆን የለበትም። «ወር በገባ በ15 የጉድጓድ ቁጥር 2ን የውኃ ከፍታ እለካለሁ፤ ፓምፑ ሌሊቱን ጠፍቶ እንዲያድር ኦፕሬተሩን እነግረዋለሁ።» ይህ በቂ ነው። ይህ ልኬት በየወሩ ከተደገመ ከጥቂት ዓመት በኋላ በእጃችሁ ያለው መዝገብ ከየትኛውም የአማካሪ ሪፖርት የበለጠ ስለ ከርሰ ምድር ውኃችሁ ይነግራችኋል። ግን ሁኔታው እኩል ይሁን፤ ፓምፑ አርፎ፣ ከተመሳሳይ ነጥብ፣ በተመሳሳይ መለኪያ።

በዚያው ወር ውስጥ የተማራችሁትን ለአንድ ሰው አስተምሩ። ስላይድ አያስፈልግም። ሥራው ቦታ ላይ፣ መሣሪያው በእጁ ሆኖ። እሱ ሲሠራ እናንተ እጃችሁን ሰብስቡ። ይህ ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ነበር። ሰው ሲሳሳት እያዩ ዝም ማለት ያስጨንቃል። ግን መለኪያውን የነጠቅነው ሰው ነገ ብቻውን አይለካም።

ትስስሩን ከየት እንጀምር

ኔትወርክ ሲባል ትልቅ ስብሰባ፣ ባጅ፣ የቢዝነስ ካርድ የሚታያችሁ ከሆነ ተዉት። ከአምስት እስከ ስምንት በሚሆን ሰው ጀምሩ። መመዘኛው አንድ ነው፤ ችግር ሲገጥመኝ ሳላፍር ልደውልለት እችላለሁ? እሱስ?

እነዚህ ሰዎች ሁሉ መሐንዲስ ከሆኑ ግን ቡድኑ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። በእኔ ቡድን ውስጥ የነበሩትን ልንገራችሁ። እንደኔው ውኃ አገልግሎት የምትሠራዋ ጓደኛዬ፣ የጉድጓድ ቁፋሮ ያየ የጂኦሎጂ ባለሙያ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ የውኃ ናሙና የሚመረምር ልጅ፣ የዝናብ መረጃ የሚሰበስብ ሠራተኛ፣ የቆጣሪ አንባቢዎች ኃላፊ፣ ከወንዙ ላይኛው ክፍል የመስኖ ተጠቃሚዎች ሊቀ መንበር። ከሁሉ በላይ የጠቀሙኝ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። የቆጣሪ አንባቢዎቹ ኃላፊ የትኛው ሰፈር ቆጣሪ እንደቆመ፣ የት ከቆጣሪ በፊት እንደተቀጠለ በቃሉ ያውቃል። ውኃ የሚጠፋው በፍሳሽ ብቻ አይደለም፤ በማይቆጥር ቆጣሪና ባልተመዘገበ መስመርም ይጠፋል። ይህን የነገረኝ እሱ ነው። የመስኖው ሊቀ መንበር ደግሞ ወንዙ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚሳሳ ከእኔ መለኪያ ቀድሞ ያውቃል።

መጀመሪያ ላይ አንድ ስሕተት ሠርቼ ነበር። ውኃ የሚቀዱ ሴቶችን አልጠራሁም። በ1992 የወጡት የደብሊን መርሆዎች ሦስተኛው ሴቶች በውኃ አቅርቦት፣ አስተዳደርና ጥበቃ ውስጥ ማዕከላዊ ድርሻ እንዳላቸው ይናገራል። መርሁን ለሰልጣኞች አስተምረው ነበር። ግን አንዲት ሴት «ቦኖው ከቀኑ አምስት ሰዓት በኋላ አየር ብቻ ነው የሚተፋው፤ ማን ጠይቆን ያውቃል?» እስክትለኝ ድረስ በራሴ ቡድን ላይ አልሠራሁበትም። እኛ ግፊት የምንለካው ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ሥራ ስንገባ ነበር። የልኬት ሰዓታችንን የቀየረችው እሷ ናት።

ጥያቄ እንዴት ይጠየቃል

ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ። ብዙ የሙያ ግሩፕ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ ይጽፋል፦

«ሰላም እንዴት ናችሁ፤ የጉድጓዳችን ውኃ እየቀነሰ ነው። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ማን ይመልስለት? አንዱ «ዝናብ ስለቀነሰ ነው» ይላል፣ ሌላው «ፓምፑን ቀይሩ» ይላል፣ ሦስተኛው የጸሎት ምልክት ይልካል። ያ ነው።

አሁን ይህን እዩት፦

«ጉድጓዱ 120 ሜትር ጥልቀት አለው። ሲቆፈር ፓምፕ ሳይሠራ ውኃው ከመሬት 38 ሜትር ላይ ነበር፤ አሁን 41 ነው። መጀመሪያ በሰከንድ 5 ሊትር ሲወጣ ውኃው እስከ 58 ሜትር ወርዶ ይቆም ነበር። አሁን 3.5 ሊትር ብቻ እየወጣ 72 ሜትር ድረስ ይወርዳል። ፓምፑ 80 ሜትር ላይ ነው የተሰቀለው። ችግሩ የጉድጓዱ ነው ወይስ የፓምፑ? ቀጥዬ ምን ልለካ?»

ይህን የሚያይ ባለሙያ ከቡና ቀድሞ ይመልሳል። በፊት ውኃው 20 ሜትር ሲወርድ 5 ሊትር ይገኝ ነበር፤ አሁን 31 ሜትር ወርዶም 3.5 ብቻ። ፓምፑ ብቻ አርጅቶ ቢሆን ኖሮ የሚወጣው ውኃ ስለሚያንስ የጉድጓዱ ውኃ የሚወርደውም ያንሳል። እዚህ ግን ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ውኃ ወደ ጉድጓዱ ለመግባት ተቸግሯል ማለት ነው፤ ውኃ የሚገባበት የጉድጓዱ ማጣሪያ ሳይደፈን አልቀረም። ፓምፕ መግዛቱን ትታችሁ ጉድጓዱን ስለማጽዳት አስቡ። የ3 ሜትሩ መውረድ ደግሞ ለብቻው ይታይ፤ ወቅቱ ሊሆን ይችላል፣ አካባቢው ላይ ሌላ ሰው እየሳበ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ ይታያችኋል? ሁለተኛው ጠያቂ ከመጠየቁ በፊት ለክቷል። ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ ለይቷል። መልስ ካገኘ በኋላ ደግሞ አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ውጤቱን ተመልሶ ለግሩፑ መንገር። «አጸዳነው፤ አሁን 4.6 ሆነ» ብላችሁ ጻፉ። ካልተሳካም ጻፉ። መልስ የሰጠ ሰው ምክሩ የት እንደደረሰ ካላወቀ በሦስተኛው ጊዜ ዝም ይላል።

ሰጪ መሆን

በዚህ ሙያ ዳታ እንደ ርስት ይያዛል። የዝናቡ አንድ ቢሮ፣ የወንዙ ሌላ፣ የጉድጓዱ ሦስተኛ ጋ። ደብዳቤ ጽፋችሁ ወራት ትጠብቃላችሁ። እኔ ያገኘሁት መፍትሔ ቀድሞ መስጠት ነው። የሠራነውን የጉድጓድ ከፍታ መዝገብ በንጹሕ ኤክሴል አዘጋጅቼ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ በምን እንደተለካና ማን እንደለካው ተጽፎ፣ ሳልጠየቅ ላክሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዝናቡ መዝገብ መጣልኝ። የሰው ስም፣ ስልክና የደንበኛ ሂሳብ ያለበት መረጃ ግን ከመሥሪያ ቤት አይውጣ። ከመስጠታችሁ በፊት ለኃላፊያችሁ ማሳወቁም ጓደኝነቱን ከአደጋ ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ያልተሳካውን መስጠት ነው። ስብሰባ ላይ የሚቀርበው ሁሉ የተሳካ ሥራ ነው። ሰው የሚማረው ግን ከወደቀው ነው። ቡድናችን በየሦስት ወሩ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚነገረው «በዚህ ሩብ ዓመት ምን አልሠራልኝም» የሚለው ነበር። የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ስላልለካሁት ሌሊት ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተናገሩ።

ወደ ሰፊው ዓለም

ትንሹ ቡድን ከቆመ በኋላ ወደ ትልልቆቹ ውጡ። ገጠር ላይ የምትሠሩ ከሆነ የገጠር ውኃ አቅርቦት መረብ፣ አርደብሊውኤስኤን የሚባለው፣ አባልነቱ ነጻ ነው፤ የውይይት ቡድኖችና ዌቢናሮች አሉት። የእጅ ፓምፕ ዝገትን ያህል የተለየ ጉዳይ ላይ እንኳ አወያይ ታገኛላችሁ። የከተማ አገልግሎት ላይ ከሆናችሁ በ1999 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የውኃ ማኅበር፣ አይደብሊውኤ፣ ለወጣት ባለሙያዎች የተለየ ፕሮግራም አለው፤ የምርትና የሽያጭ ውኃን የምናመዛዝንበትን ሰንጠረዥ ብዙው ዓለም የሚጠቀመው እሱ ባዘጋጀው መልክ ነው። ተፋሰስና ፖሊሲ ላይ ለሚሠሩ በ1996 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የውኃ አጋርነት ይጠቅማል።

ለተቋም ደግሞ እኔ በጣም የምወደው አንድ መንገድ አለ። አንድ የውኃ አገልግሎት ከሌላ የውኃ አገልግሎት ጋር ያለ ትርፍ ይጣመራል። ኦፕሬተር ለኦፕሬተር፣ ሒሳብ ሠራተኛ ለሒሳብ ሠራተኛ ያስተምራል። በተባበሩት መንግሥታት የሰው ልጅ መኖሪያ ፕሮግራም (ዩኤን ሃቢታት) ሥር በ2009 የተጀመረ፣ ይህንኑ የሚያስተባብር ጥምረት አለ። ግን ጥምረቱን መጠበቅ አያስፈልግም። ጎረቤት አገልግሎት ጋ ሁለት ሠራተኛ ለአንድ ሳምንት መላክ፣ እነሱም እንዲልኩ መጋበዝ በሁለት ኃላፊዎች ደብዳቤ ያልቃል።

ግሩፑ እንዳይደርቅ ደግሞ ቀኑን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ «ሲመቸን» አይመጣም። አስተባባሪው በየስድስት ወሩ ይቀየር። ከእያንዳንዱ ውይይት ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ይቀመጥ፤ ቴሌግራም ላይ ያለፈ ነገር ከሁለት ወር በኋላ አይገኝም። ቢቻል የምትገናኙት አዳራሽ ሳይሆን ሥራ ቦታ ይሁን። አንድ ጊዜ እዚህ ጋን ላይ፣ አንድ ጊዜ እዚያ ጉድጓድ ላይ።

ሰው ሲለቅ

ይህ ይመጣል። ጎበዝ የሆነ ሰው ይለቃል። አቅሙ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከነበረ አብሮት ይሄዳል።

እኔ ያን መሥሪያ ቤት ስለቅ ሦስት ሳምንት ወሰድኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ተተኪዬን ይዤ መስመሩን ሁሉ በእግር ሄድን፤ ካርታው ላይ የሌሉትን ቫልቮች አስመዘገብኩት። በሁለተኛው የሌሊቱን ልኬት እሱ ሠራ፣ እኔ ከታች ቆሜ ቁጥር ጻፍኩ። በሦስተኛው ስልኬን አወጣሁ። የስልክ ዝርዝር ጽፎ መስጠት ብቻ አይበቃም፤ ሰው የማያውቀው ሰው ሲደውልለት በግልጽ አያወራም። ስለዚህ አጠገቤ አስቀምጬው ለእያንዳንዳቸው ደወልኩ። «ከእንግዲህ የሚደውልልሽ እሱ ነው፤ እኔን እንደረዳሽኝ እርጂው» እያልኩ ስልኩን ሰጠሁት።

የመጨረሻዋ ያቺ ጓደኛዬ ነበረች። ሰላምታ ላይ ብዙ አልቆየችም። «ባለፈው ሌሊት ስንት ሴንቲ ሜትር ወረደ?» ብላ ጠየቀችው። ደብተሩን ገልጦ ቁጥሩን ማንበብ ጀመረ።